ዝንቧ ያነቃነቀችው ጆሮ

አንድ ገበሬ ነበር፤ ሁለት በሬ ነበረው። አንደኛው በሬ ሞተ፤ ሰው ሁሉ አልሞተም አለ። ሁለተኛው ሞተ፤ ገበሬው ሞቷል አለ። ምሳሌው በቃ ይኸው ነው። ቸኩለህ ከሆነ፣ ሊቀመንበር ደርበው፣ ይህንኑ ይዘህ መሄድ ትችላለህ። ካልቸኮልክ ግን እዚህ ድንጋይ ላይ ቁጭ በል። እነዚያንም ቢላ የሚስሉትን ሰዎች ለጊዜው ተዉት በላቸው፤ የሞረዱ ፉጨት ወሬዬን ይቆርጥብኛል።

በኋላ እንዲህ አላልኩም እንዳትለኝ ጥያቄህን ልድገመው። ዛሬ ጠዋት የወንድምህ ሚስት ላም እያመነዠከች ሳለ ዘፍ ብላ ወደቀች። ሊቀመንበር ነህና ወደ አንተ መጡ። አንተም መጣህና እንዲህ አልከኝ፦ «አያ ልየው፣ ላሟ የእኛ፣ ደጁ የእኛ፣ ሥጋውም የእኛ። የከብት ሐኪሙ ይምጣ እሺ፤ የጤና ጣቢያዋን ሴት ምን አገባት? ደን ጠባቂውስ ምን ቤት ነው? ጭራሽ ደግሞ ለወንዝ ማዶው ወረዳ ንገሩ ይሉናል! ብንነግራቸው የቅዳሜ ገበያችንን ነው የሚያዘጉት። ገመናዬን ለምን ለማዶ ሰው አሰጣለሁ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። አንተ የተማርክ ነህ፣ ማኅተምም አለህ። እኔ ያለኝ ምላስ ብቻ ነው፤ እሱም አንዳንድ ጊዜ ከእኔ ቀድሞ ይሄዳል። ቢሆንም ስማኝ።

ያ ገበሬ ደሃ አልነበረም፤ ሁለት በሬ ያለው ሰው ደሃ አይባልም። ሀብታምም አልነበረም፤ ከሁለቱ በሬዎች በቀር የነበረው ነገር ሳል ብቻ ነው። ትልቁ በሬ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረበትና ቦራ ይሉታል። ቦራ እንዲህ እንደምናውቃቸው በሬዎች እንዳይመስልህ። ጠዋት ጭንቅላቱ ከበረት ሲወጣ ጅራቱ የሚወጣው ለምሳ ነው። ሲያገሳ ማዶ ያሉ ዶሮዎች ደንግጠው ያለ ቀናቸው ይጥሉ ነበር። እሺ፣ አጋነንኩ፤ የጣለችው አንዲት ዶሮ ናት። እሷም ቢሆን ልትጥል ደርሳ ነበር።

አገሩ በወንዝ የተከፈለ ነው፤ ወዲህ አንድ መንደር፣ ማዶ አንድ መንደር። ሁለቱ መንደሮች በአንድ ፍየል ምክንያት ሰባት ዓመት ተኳርፈዋል። ፍየሉ ከማዶ ተሻግሮ የወዲህን ጎመን በላ፤ የወዲህ ሰዎች ደግሞ ፍየሉን በሉ። በእኔ ሒሳብ ነገሩ እዚያው አልቆ ነበር፤ ጎመኑም ፍየሉም አንድ ሆድ ገብተዋል። እነሱ ግን ለልጅ ልጅ አቆዩት። ሰርግ አይጠራሩም፤ ለቅሶ አይደራረሱም። አንዱ መንደር ሲዘንብለት ሌላው «ደመናው የእኛ ነበር» ይላል።

ሰው ተኳረፈ እንጂ ውኃው አልተኳረፈም። መሻገሪያው ላይ የወዲህ ከብት ከዚህ፣ የማዶ ከብት ከዚያ ገብቶ አፍንጫ ለአፍንጫ ተነካክቶ ይጠጣል። ውሾቹም አልተኳረፉም። አሞሮቹም እንደዚያው። ለገበያ ሲሆን ደግሞ ሰዎቹም ትንሽ ይረሱታል፤ ቆዳ ለቃሚው የወዲህን ቆዳ ተሸክሞ ማዶ ላለው ቆዳ አልፊ ሲያደርስ ማንም «ፍየሉስ?» አይለውም።

እንግዲህ በዚያ አገር ሦስት አዋቂዎች ነበሩ። ከወዲህ ከብት የሚያክም ሰውዬ ነበር። ከማዶ የሰው ቁስል የምታክም ሴት ነበረች። ከሁለቱም መንደር ያልሆነ፣ ከላይ ጫካው ውስጥ የሚኖር አንድ ማር ቆራጭ ነበር። ሰውዬው ስለ ሴትዮዋ ሲናገር «የእሷ ቅባት ለኮርቻ ቁስል እንኳ አይሆንም» ይላል። እሷም ስለ እሱ ስትጠየቅ «የእሱ በሽተኞች የታደሉ ናቸው፤ አፍ ስለሌላቸው አይከሱትም» ትላለች። ማር ቆራጩን ማንም አይሰድበውም፤ ለመስደብ እንኳ ሰው ማነጋገር ያስፈልጋል።

ማር ቆራጩ በጥር ወር ከምንጩ ራስ ሦስት አጋዘን ሞተው አየ። ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቷል፤ ካፍንጫቸው ጥቁር ደም ወርዷል። ቆሞ አየና «አጋዘን ባለቤት የለው፤ ማንን ላረዳ?» ብሎ ወደ ቀፎው ሄደ።

በየካቲት አንድ እረኛ ሽማግሌ ወደ ሴትዮዋ መጣ። ገደል ሥር ያገኛትን የሞተች ፍየል ገፍፎ ነበርና ክንዱ ላይ ቁስል ወጥቶበታል፤ ዙሪያው ያበጠ፣ መሀሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ደግሞም የማያመው። እንዲህ ያለ ቁስል አይታ አታውቅም። «ከወንዙ ባሻገር ያለው የከብት ሰው ስለ ፍየሏ ምን ይል ይሆን?» ብላ አንድ ጊዜ አሰበች። ወዲያው ያ ስለ ኮርቻ የተናገረው ትዝ አላትና ሐሳቧን ዋጠችው።

በመጋቢት ደግሞ ከብት አካሚው ሁለት በጎች ቆመው ሳለ ወድቀው፣ ደም ካፍንጫቸው ሲወርድ አየ። የበጎቹ ባለቤት እግሩ ላይ ወድቆ «ስም እንዳታወጣብኝ! የእኔን በግ ማን ይገዛኛል?» አለው። አዘነለትና ዝም አለ።

እየው እንግዲህ፣ ሊቀመንበር። ነገሩ ሁሉ ታውቆ ነበር! ግን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተከፋፍሎ፣ አንዱ ጭንቅላቱን፣ አንዱ እግሩን፣ አንዱ ጅራቱን ይዞ ቤቱ ገባ። ይህ ሁሉ አንድ በሬ ነው የሚል ሰው ጠፋ።

ግንቦት ገባ፤ የእርሻ ጊዜ ደረሰ። አንድ ማለዳ ቦራ እበረቱ ደጅ ዘፍ ብሎ ወደቀ።

የአገራችንን ደንብ ታውቀዋለህ። የሞተ ከብት በክት ነው፤ አይበላም። ነፍሱ ሳትወጣ ቢላ ከደረሰለት ግን ታርዷል ይባላል። ጎረቤት መደብ መደብ አድርጎ ይካፈለዋል፤ ለባለቤቱም በመኸር እህል ያመጣለታል፤ ሰውዬው አይወድቅም። ስለዚህ በሬ ወደቀ ሲባል ሰው ሁሉ ቢላውን ይዞ ይሮጣል። ይህ ሆዳምነት እንዳይመስልህ። ደግነት ነው። እኔ የማውቀው ትልቁ ደግነታችን እንዲያውም ይኸው ነው።

ሮጠው መጡ። አራጁ የገበሬው ሚዜ ነበር፤ ቢላው በአገሩ የታወቀ። ተንበረከከና እጁን በቦራ ደረት ላይ አኖረ። ቆየ። እጁን አነሳና እንደገና አኖረ።

«ይሄ እንኳ…» ብሎ ጀመረ።

ገበሬው የተዘረጋውን በሬ አየ። ከበሬው ወዲያ ያለውን ያልታረሰ መሬት አየ። የልጆቹን እናት አየ። ከዚያ የቦራ ጆሮ ተነቃነቀ።

«ጆሮው!» ብሎ ጮኸ። «ጆሮው ተነቃነቀ! አለ! ነፍስ አለው!»

ጆሮው እውነትም ተነቃንቋል፤ ልዋሽህ አልፈልግም። ያነቃነቀችው ግን ዝንብ ናት። ጠርዙ ላይ አርፋ ተነሳች፣ በቃ። ገበሬው አይቷታል። አራጁም አይቷታል። ዝንቧም ራሷ ታውቃለች። ነገር ግን አንዱ «አዎ፣ እኔም አየሁ» አለ፤ ሌላው «ዓይኑንም ጨፈነ» አለ፤ ሦስተኛው «እኔን ጠቀሰኝ» አለ። ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ቦራ ተነሥቶ እንደምን አደራችሁ አለን ይሉ ነበር። ሁሉም ለገበሬው አዝነው ነው። አራጁም ሚዜውን ቀና ብሎ አየው፤ «በስመ አብ» ብሎ ባረከና ቢላውን አሳረፈ።

ደሙ አልፈሰሰም፤ እንደ ሬንጅ ጥቁር ሆኖ ተንቀረፈፈ፤ አልረጋም። ጣፊያው ሲወጣ አብጦ የተኛ ድመት ያክል ነበር። ከብት አካሚው እዚያው ቆሟል። ደሙን አየ፣ ጣፊያውን አየ፣ በመጋቢት ያያቸው በጎች ታወሱት። አፉን ከፈተ። የገበሬውን ፊት አየና መልሶ ዘጋው።

አሥራ ሁለት የኮባ ቅጠል ተነጠፈ፤ አሥራ ሁለት መደብ ሆነ። አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ የቁልቋል ቁራጭ እየሰጠ እጣ ተጣለ። ቆዳውን ቆዳ ለቃሚው ማዶ አሻገረው። አጥንቱን የሁለቱ መንደር ውሾች መሻገሪያው ላይ እየተጋፉ ጨረሱት። ሰዎች ሰባት ዓመት ያልቻሉትን ማዕድ ውሾቹ በአንድ ቀን ቻሉት።

በሦስተኛው ቀን አራጁ እጁ ላይ ጉንዳን የነከሰው የምትመስል ነገር ወጣች፤ አሳከከችው። «ቦራ ነው የነከሰኝ» እያለ ይስቅ ነበር። በአምስተኛው ቀን መሀሏ ጠቆረ፤ ክንዱ እስከ ትከሻው አበጠ። በዘጠነኛው ቀን ሞተ።

እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ከወዲህ ሌሎች አራት ሰዎች ቆሰሉ። ከማዶ ቆዳውን ያለፋው ሰውና ምራቱ ወደቁ። የወዲህ መንደር «ማዶዎች ናቸው ያመጡብን» አለ። የማዶው መንደር «ወዲህዎች ናቸው የላኩብን» አለ። ሁለቱም በአንድ ሌሊት እንደተማከሩ ሁሉ፣ ሳይማከሩ፣ መሻገሪያውን በእሾህ አጠሩት። ውኃውን አጠሩት እልሃለሁ! ውኃው በእሾሁ መሀል ሾልኮ፣ ከላይ ያመጣውን ይዞ ወደ ታች ሄደ። ማን ያስረዋል?

ገበሬው ለሚዜው ለቅሶ ሄደ። የሟቹ ሚስት ከተቀመጠችበት ቀና ብላ አየችውና እጁን ያዘችው።

«ጆሮውን ያየኸው አንተ ነህ አሉ» አለችው። «እግዜር ይስጥህ፣ ወንድሜ። እሱማ እየታመመም ደስ ይለው ነበር። የሚዜዬ በሬ ሳይባክን ደረስኩለት፣ ይል ነበር።»

ገበሬው ንፍሮውን አልቀመሰም። ወጥቶ ሄደ። ሦስት ቀን ሰው ሳያናግር ቆየ። አንተ እኔን ብትሆን ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባህ ነበር፤ እኔ ሦስት ቀን ዝም ብል ሊቀብሩኝ ይመጣሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛው በሬ፣ ዳለቻው፣ ወደቀ።

ጎረቤት እንደገና ሮጠ። የቆሰሉት እንኳ ክንዳቸውን በጨርቅ አስረው መጡ። ቢላውን የያዘው የሟቹ ወንድም ነው፤ የወንድሙን ቢላ። ለገበሬው የቀረው ይህ ብቻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ሁለት በሬ የሌለው ሰው አያርስም፤ አንድ ያለው ከሌላ አንድ ካለው ጋር ይቀናጃል፤ አንድም የሌለው ግን የሰው ደጅ ይጠናል። ስለዚህ ገና ሳይደርሱ፣ ገና ከሩቅ፣ አንዱ በርኅራኄ «ጆሮው! ተነቃነቀ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም «አዎ፣ አዎ» አሉ። የሟቹ ወንድም ጎንበስ አለ።

ገበሬው ከሁሉም ቀደመ። ከዳለቻው ራስ አጠገብ ተንበረከከ። ዝንቧ ጆሮው ላይ ናት። ያችው ትሁን እህቷ እንጃ። የወይራ ዝንጣፊ አነሣና «እሽ» አላት።

ዝንቧ በረረች። ሰው ሁሉ ጆሮውን ያያል። አንድ ሰው ውዳሴ ማርያም ደግሞ የሚጨርስበትን ያህል ቆዩ፤ እሺ፣ ግማሹን። ጆሮው እንደ ኮባ ቅጠል ተዘርግቶ ቀረ።

«ሞቷል» አለ ገበሬው። ቀና ሳይል ደግሞ፦ «ያኛውም ሞቶ ነበር። ዝንቧን አይቻታለሁ።»

የሟቹ ወንድም ቢላውን አየ፣ ገበሬውን አየ። በዚያች ሰዓት ቢላው ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም ነበር። ገበሬውም አልሸሸም፤ አንገቱን እንዳቀረቀረ ቆየ። ሰውዬው በመጨረሻ ቢላውን መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ወንድሜም አይቷታል» አለ። «ማታውን ነግሮኛል። እኔም ዝም ብዬ መደቤን በልቻለሁ።»

ገበሬው ተነሥቶ ወደ ወንዙ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ተከተለው። ከእሾሁ አጥር ዘንድ ቆሞ ወደ ማዶ ተጣራ።

«የማዶ ሰዎች! ቆዳው የእኔ ነው! በሬዬ ሞቶ ነው ያሳረድኩት! ቆዳውን የነካ ሰው ካለ አትደብቁት! ዛሬም ሌላው በሬዬ ሞቷል!»

ከማዶ በመጀመሪያ የመጣው መልስ ድንጋይ ነው። ሁለተኛውም ድንጋይ ነው፤ እሱ ግን ትንሽ አነስ ይላል። ከዚያ ያቺ ቁስል አካሚ ሴት ሰዉን በክርኗ እየገፋች ወጣች።

«ስድቡ ይቆይ!» አለች። «ደሙ እንዴት ነበር?»

ከገበሬው ኋላ ከብት አካሚው ወደ አጥሩ ቀረበ።

«ጥቁር ነበር» አለ። «አልረጋም።»

«ጣፊያውስ?»

«ያበጠ። አንቺ ምን አየሽ?»

«ጥቁር ቁስል። አያመውም። በየካቲት ነው ያየሁት፤ ፍየል የገፈፈ ሰው ክንድ ላይ።»

«በየካቲት!» አለ ሰውዬው። «እኔ በመጋቢት ሁለት በግ አየሁ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ለኮርቻ ቁስል የማልሆን ሴት ምን ብዬ ልንገርህ? አንተስ ምነው?»

በዚህ መሀል ከላይ በኩል፣ ከአንድ ሾላ ዛፍ ላይ፣ ድምፅ መጣ። ማር ቆራጩ ነው፤ ጭሱን ይዞ ቀፎ ላይ ተሰቅሏል።

«እኔ ደግሞ በጥር ሦስት አጋዘን አይቻለሁ» አለ። «ከምንጩ ራስ። ውኃው የሚወርድላችሁ ከዚያ ነው።»

ሁለቱም መንደር አንገቱን አቀና። ሁለቱም መንደር በአንድ አፍ «አንተስ ለምን አልነገርከንም!» አለ፤ በሰባት ዓመት ውስጥ አብረው የተናገሩት የመጀመሪያው ቃል ነው።

«ማን ጠይቆኝ?» አላቸው። «ማር እንጂ ነገር ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ?»

ያን ጊዜ አንዲት አሮጊት «አባ ሰንጋ» አለች፤ ቀስ ብላ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። የበሽታውን ስም የማያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙን ለመጥራት ግን አጋዘኑ፣ ክንዱና በጉ አንድ ወንዝ ዳር መቆም ነበረባቸው።

ዳለቻው አልተከፈተም፤ ቢላ አልነካውም። አሥራ ሁለቱ የኮባ ቅጠል ለሥጋው ተቆርጦ ነበርና የሟቹ ወንድም አስመጥቶ ወንዙ ዳር አነጠፈው።

«ኮባው ተቆርጧል» አለ። «ቅርጫ አይቀርም። ዛሬ የምንካፈለው ግን ጣጣውን ነው።»

በየቅጠሉ ላይ የሥራ ምልክት አደረጉ። አንዱ ላይ አፈር፤ ጉድጓድ ለሚቆፍር፣ ጥልቅ አድርጎ። አንዱ ላይ ጭራሮ፤ ሬሳውን ለሚያቃጥል። አንዱ ላይ አመድ፤ ጉድጓዱ ላይ ለሚነሰንስ። አንዱ ላይ ገመድ፤ ውሾቹን ለሚያስር። አንዱ ላይ የማር እንጀራ፤ ከማር ቆራጩ ጋር ወጥቶ ምንጩ ራስ ያለውን ለሚያጥር። እንደ ሥጋው ሁሉ እጣ ተጣለ። እንደ ሥጋው ሁሉም «የእሱ በለጠ፣ የእኔ አነሰ» ብለው ተጨቃጨቁ፤ ሰው መቼም ሰው ነው።

ከማዶ የቆሙት ያያሉ። ድንጋዩን የወረወረው ሰውዬ ታገሠና ታገሠና በመጨረሻ፦

«የእኛስ መደብ የታለ?» ብሎ ጮኸ።

ቅጠሉ አሥራ ሁለት ነው። ሌላ አሥራ ሁለት ተቆረጠ። ለመሻገር እሾሁን መንቀል ነበረባቸው፤ ነቀሉት፤ ለማቃጠያ ሆነ። ሁለት መንደር ያጠረው እሾህ እንዴት ያለ እሳት እንደሚወጣው ብታይ! ጭሱ ሦስት ወረዳ አስነጠሰ።

ከተነጠፉት ቅጠሎች በሁለቱ ላይ ቀንበር የምትመስል ስንጥር ነበረች። እሷ የደረሰችው ሰው የገበሬውን መሬት ያርሳል ማለት ነው። አንዷ ወዲህ ወጣች፣ ሌላዋ ማዶ ወጣች። አንድ በሬ ከወዲህ፣ አንድ በሬ ከማዶ ተጠመዱ። በሬዎቹ ተዋውቀው አያውቁም፤ አንዱ ወደ ሰፈሩ ይስባል፣ ሌላው ወደ ሰፈሩ ይስባል። ትልሙ ሆዱን የቆረጠው እባብ መሰለ። እኔ ያን መሬት ባየው ኖሮ እስከ ዛሬ ስስቅ እኖር ነበር። ጤፉ ግን ትልሙ ቀጥ ያለ ይሁን የተጠማዘዘ አልጠየቀም፤ በቀለ።

በሽታው በአንድ ቀን አልቆመም። ከማዶ ቆዳ አልፊው ሞተ። ምራቱ ግን ቀድሞ ተነግሮላት፣ ሴትዮዋ ስታክማት፣ ተረፈች። ከዚያ ወዲያ ሰው አልሞተም።

እንግዲህ፣ ሊቀመንበር ደርበው፣ አሁን ወደ አንተ ልዙር።

ያ ገበሬ አንተ ነህ። አትቆጣ፤ ሚዜውም እኔ ልሆን እችላለሁ። አየህ፣ ያ ሰው የዋሸው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ጎረቤቶቹም አዎ ያሉት ክፉ ሆነው አይደለም። የገደላቸው አንዱ ለአንዱ ማዘኑ ነው፤ ግን ያዘኑት ቅርባቸው ላለው ብቻ ነው። ያዳናቸውም ያው ማዘናቸው ነው፤ ግን ወንዙን ሲሻገር። የእኛ ሰው ችግር ሲካፈል ያውቅበታል። ያኔ የቸገረው የሚካፈሉትን ማወቅ ነበር።

የከብት ሐኪሙን፣ የጤና ጣቢያዋን ሴት፣ ደን ጠባቂውን አንድ ላይ ጠርቼ ምን አደርጋለሁ አልከኝ። እነሱ ያኔዎቹ ሦስት ናቸው፤ ልዩነቱ የዛሬዎቹ ቁልፍ ያለው ቢሮ ስላላቸው ነው። አንዱ የላሟን ደም ያውቃል፤ አንዷ የሰው ክንድ ታያለች፤ አንዱ በዚህ ወር ጫካ ውስጥ ምን እንደወደቀ ያውቃል። ጠይቀኸው ታውቃለህ? ማር እንኳ ጠይቀኸው አታውቅም። አንድ ጥላ ሥር ካላስቀመጥካቸው እያንዳንዱ ጭራውን ይዞ ጭራ ነው ሲል ይኖራል። ያኔ ያልነበረ ነገር ደግሞ ዛሬ አለ፤ ለሰውም መርፌ አለ፣ ለከብቱም ክትባት አለ። መርፌው ግን ሰው ካልነገረው መንገዱን አያውቅም።

ስለ ገበያው ልክ ነህ። ሊዘጋ ይችላል። አንድ ቅዳሜ፣ ምናልባት አራት ቅዳሜ። አልዋሽህም፤ ገበሬውም እውነቱን ስለተናገረ በሬው አልተነሣለትም። ለማዶው ሊቀመንበር ስትደውል ግን እንዲህ በለው፦ «እኔ ቀድሜ ተናገርኩ፤ አሁን ‹የእኛስ መደብ የታለ?› ማለት የእናንተ ተራ ነው።» የመጀመሪያውን ተናጋሪ ብቻውን ከተዉት፣ ሁለተኛ ተናጋሪ በዚህ ወንዝ ዳር አይወለድም። ይህን እሱም አያጣውም፤ በሚቀጥለው ዓመት የምትወድቀው ላም የእሱ ልትሆን ትችላለች።

ያን ወረቀትህን ደግሞ አይቼዋለሁ። ማንበብ አልችልም፤ ጸሐፊህ ነው ያነበበልኝ። «የላሟ አሟሟት ምክንያት ገና አልተረጋገጠም» ብለህ ልታትምበት ነው አሉ። ያ ነው ጆሮው፣ ወዳጄ። ያ ነው ተነቃነቀ የሚባለው።

በል ተነሥ። ላሚቱ ደጅ ተኝታለች፤ ከዚህ ሆኜ ትታየኛለች። የወንድምህ ሚስት አንገቷን አቅፋ ታለቅሳለች፤ እጅሽን አንሺ፣ ታጠቢ በላት፣ በእናትህ። ቢላዎቹ ተስለዋል። የያዟቸው ደጋግ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ አሁን «ጆሮዋ ተነቃነቀ» ሲል ሰማሁት።

ሂድና ዝንቧን እሽ በላት። ከዚያ ቆመህ ጆሮዋን እይ። ከዚያ ስልክህን አውጣ።